ራውተሩ አርጅቶ ነው ወይስ መስመሩ?

የቤት ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ራውተሩ ላይ ነው። ዓይን የሚያየው እሱን ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ከተገዛም ዓመታት ተቆጥረዋል። ኢንተርኔት ግን ስልክ ላይ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ያልፋል፤ ከውጭ በሚገባው መስመር፣ በራውተሩ፣ ከዚያም በራውተሩና በስልኩ መካከል ባለው አየር። አዲስ ራውተር የሚያስተካክለው መካከለኛውን ብቻ ነው። መስመሩ የተበላሸበት ቤት የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገባ ፍጥነቱ እዚያው ነው። ስለዚህ አሮጌው ይለወጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ችግሩ ከሦስቱ የትኛው ጋ እንዳለ ሲታወቅ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ባለሙያ መጥራት የግድ አይደለም።

ለዚህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለችው ቂሊንጦ ጥሩ ማሳያ ናት። ትናንት እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና የቢራ ፋብሪካ ተተክለውበታል፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አካባቢ ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ከኮንክሪትና ከብሎኬት የተሠሩ ናቸው፤ በራቸው ብረት ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ውጭ ባሉት ግቢዎች ደግሞ አከራዩ ትልቁ ቤት ውስጥ፣ ተከራዩ ሰርቪስ ውስጥ ሆነው አንድ ዋይፋይ ይጋራሉ። መብራትና ውሃ ሄደው ይመጣሉ። በሌላ አገር ለተጻፈ የራውተር መመሪያ ትዝ የማይሉት እነዚህ ነገሮች እዚህ ዋናዎቹ ናቸው።

ምርመራው የሚጀምረው በኬብል ነው። አብዛኛው ራውተር ከጀርባው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያዎች አሉት። ላፕቶፕ በኬብል ይሰካና የላፕቶፑ ዋይፋይ ይጠፋል፤ በቤቱ ያሉት ሌሎች ስልኮችና ቴሌቪዥኑም ከኢንተርኔት ይወጣሉ። ከዚያ ፍጥነት በሚለካ ገጽ ላይ ይለካል፤ ውጤቱ ይጻፋል። ቀጥሎ ኬብሉ ይነቀልና እዚያው ራውተሩ ካለበት ክፍል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ በዋይፋይ ይለካል። በመጨረሻ መኝታ ቤት ወይም ማዕድ ቤት ተገብቶ በሩ ተዘግቶ ይለካል። ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ይገለጣል። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መስመሩ ያጋድላል። በኬብል ፈጣን ሆኖ ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ከተጎተተ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም አየሩን የሚሻማው የጎረቤት ዋይፋይ ነው። አጠገቡ ፈጣን ሆኖ መኝታ ቤት ሲገባ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ግድግዳውና ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ልኬቱን ጠዋትም ምሽትም መድገም ይጠቅማል፤ በኬብል እየተለካ እንኳ ምሽት ብቻ የሚወርድ ፍጥነት ሰፈሩ በሙሉ መስመሩን የሚሻማበትን ሰዓት ያሳያል እንጂ የራውተርን እርጅና አያሳይም።

ቁጥሩን ለማንበብ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሰው "ቤታችን 8 ሜጋ ነው" ሲል 8 ሜጋቢት በሰከንድ ማለቱ ነው። ፋይል ሲወርድ ስልኩ የሚያሳየው ግን ሜጋባይት ሲሆን አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋ የተከፈለበት መስመር በሰከንድ 1 ሜጋባይት ቢያወርድ ሙሉ አገልግሎቱን እየሰጠ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ደህና ራውተር ይጣላል።

ጥርጣሬው መስመሩ ላይ ካረፈ የራውተሩ መብራቶች የመጀመሪያ ምስክር ናቸው። በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት የዲኤስኤል መብራት ሳያቋርጥ መብራት አለበት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ገና መስመሩን እየፈለገ ነው። በፋይበር ደግሞ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በመስታወት ክሩ ቤት ድረስ አልደረሰም፤ ክሩ ተሰብሮ ወይም ከመጠን በላይ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የመዳብ መስመር ሌላም ምልክት አለው። በክረምት ዝናብ ሲጥል የቤት ስልኩ የሚንጫጫ ከሆነና ኢንተርኔቱም አብሮ የሚቆራረጥ ከሆነ ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ አለ። ስልኩና ራውተሩ በአንድ ሽቦ የሚጠቀሙ ከሆነ መሃላቸው የሚገባው ትንሽ ስፕሊተር መበላሸቱም ኢንተርኔቱን ይጥለዋል፤ እሱን ነቅሎ ራውተሩን በቀጥታ በመሰካት ይረጋገጣል። ከዚህ ያለፈው የኢትዮ ቴሌኮም ሥራ ነው፤ በ994 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። የተለካውን ቁጥርና ሰዓቱን ይዞ የሚደውል ደንበኛ "ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው" ብቻ ከሚለው የበለጠ ይደመጣል።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚታለፈው ግን አየሩ ነው። ራውተር የሚቀመጠው መስመሩ በገባበት ጥግ ነው፤ ብዙ ጊዜም በበሩ በኩል፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቁምሳጥን ላይ። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ኮንክሪት ያዳክማል፤ ውሃ ይውጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው በርሜልና ጀሪካን ወይም በረንዳ ላይ የቆመው ሮቶ በራውተሩና በመኝታ ቤቱ መካከል ከዋለ እንደ ተጨማሪ ግድግዳ ሊቆጠር ይገባል። ራውተሩን ከቁምሳጥኑ አውጥቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ቤቱ መሃል አምጥቶ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ጥቂት ሜትር ኬብል ነው፤ ለውጡ ግን አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይበልጣል። ከላዩ የተደረበው ዳንቴልም መነሳት አለበት፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራውተሩ ይዘገያል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ አለ። አንድ ሳሎን ውስጥ ስልክ አውጥቶ የዋይፋይ ስሞችን ዝርዝር ማየት ብቻ ይበቃል፤ ከላይ ፎቅ፣ ከታች ፎቅ፣ ከማዶ ብሎክ የመጣ ስም ይደረደራል። የቆየ ራውተር የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ጠባብ ነው፤ እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሦስት ቻናል ብቻ ነው ያለው፤ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ቻናል ላይ የተገናኙ ራውተሮች በዕድር ስብሰባ ላይ እንዳሉ ሰዎች ተራ እየጠበቁ ይናገራሉ፤ ሰው በበዛ ቁጥር ተራው ይርቃል። በመሃል ያሉትን፣ ለምሳሌ 3ን ወይም 8ን መምረጥ የባሰ ነው፤ ያኔ ተራ መጠባበቁ ይቀርና ጫጫታ ይሆናል። የትኛው ቻናል እንደተጨናነቀ የሚያሳዩ ነጻ አፕሊኬሽኖች ለአንድሮይድ ስልክ አሉ። ከሦስቱ ቀለል ያለውን በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ መምረጥ፣ የቻናሉንም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በራውተሩ ጀርባ በመርፌ የሚነካው ሪሴት ሁሉንም ነገር ያጠፋል። ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚከፈትበት የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ራውተሩ ውስጥ ነው የተጻፈው፤ እነዚያ ወረቀት ላይ ሳይያዙ የተነካ ሪሴት ቀርፋፋ የነበረውን ኢንተርኔት ጨርሶ ያስቀረዋል።

ራውተሩ በየጊዜው በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ከመጣሉ በፊት አዳፕተሩ ይፈተሽ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ግድግዳው ላይ የተሰካው ያ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች እየደረቁ ሲሄዱ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚፈልገውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል። ቪዲዮ ሲከፈት ወይም ብዙ ስልክ ሲገባ መብራቶቹ ሁሉ አንዴ ጠፍተው እንደገና የሚበሩ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ይነበባል፤ ለምሳሌ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር። ምትኩ ሲገዛ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የጫፉ መጠንና የፖዘቲቭ ኔጌቲቩ አቅጣጫም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 9 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 12 ቮልት መስጠት ሊያቃጥለው ይችላል። ለራውተር የሚሆነው ትንሽ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱን ከማቆየት ሌላ ይህን ድንገተኛ መነሳትና መጥፋት ስለሚያስቀር ገንዘቡን ያወጣል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የራውተሩ እርጅና ከተረጋገጠ የሚነሳው ጥያቄ ምን ያህል እንዳረጀ ነው። የዋይፋይ ትውልዶች በቁጥር ይጠራሉ። ዋይፋይ 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን ርካሾቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ይሠራሉ። ዋይፋይ 5 በ2013 ሲመጣ 5 ጊጋኸርዝን ዋና መንገዱ አደረገ፤ በርካታ ቻናሎች ስላሉት የጎረቤት ጫጫታ ይቀንሳል፣ በብሎኬትና በኮንክሪት ግን ቶሎ ይደክማል። ዋይፋይ 6 በ2019 ተከተለ፤ ትልቁ ጥቅሙ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲገባ መስመሩን አብቃቅቶ ማካፈሉ ነው። ዋይፋይ 7 በ2024 ቢመጣም ለዚህ ዓይነቱ ቤት ገና ትርፍ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የመስመሩ ሜጋ ነው። 4 ወይም 10 ሜጋ ለሚገባበት ቤት ደህና የሚሠራ ዋይፋይ 4 ራውተር ይበቃል፤ በቅርብ ርቀት ከዚያ የበለጠ ያሳልፋልና ለፍጥነት ብሎ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። መስመሩ ወደ ፋይበር ተቀይሮ 50 ወይም 100 ሜጋ ሲሆን ግን አሮጌው ራውተር ማነቆ ይሆናል፤ ያኔ መለወጡ ተገቢ ነው። ስልኮቹ አሮጌ ሆነው ራውተሩ ብቻ አዲስ ትውልድ ቢሆን ግንኙነቱ የሚሆነው በስልኩ አቅም ነው።

ፍጥነቱ ደህና ሆኖም መለወጥን የግድ የሚያደርግ ምክንያት አለ፤ ደህንነት ነው። ዌፕ የሚባለው የዋይፋይ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብሯል፤ በ2004 የመጣው ደብልዩፒኤ2 እና በ2018 የመጣው ደብልዩፒኤ3 ናቸው ዛሬ የሚታመኑት። ማስተካከያ ገጹ ላይ ከእነዚህ አንዱም የሌለው ራውተር ምንም ያህል ቢሠራ መነሳት አለበት። አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለት ራውተርም ቀዳዳው ሳይደፈን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500 ሺህ ራውተሮችና መሰል ዕቃዎችን እንደያዘ የሲስኮ ተመራማሪዎች አስታውቀዋል፤ ከተጠቁት ብዙዎቹ የቆዩና የታወቀ ቀዳዳቸው ያልተደፈነ ነበሩ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ የሚልኩትን ራሳቸው ቢመሰጥሩም በሌላ ሰው እጅ የገባ ራውተር ተጠቃሚውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራ ይችላል። ሳጥኑ ላይ ከፋብሪካ የመጣው የማስተካከያ ገጽ ፓስወርድ ሳይለወጥ የሚኖርበት ቤት፣ ራውተሩ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ለዚህ ክፍት ነው።

ሲገዛ መስመሩን የሚያውቅ ራውተር መግዛት ይገባል። መርካቶ ላይ አምሮ የተደረደረው ሁሉ ለሁሉም ቤት አይሆንም። በመዳብ የስልክ ሽቦ ለሚመጣ ኢንተርኔት ሞደም ያለው፣ ጠባቡ የስልክ መሰኪያ የሚገባበት ራውተር ያስፈልጋል፤ ያ ከሌለው ኢንተርኔቱን ሊቀበል አይችልም። ፋይበር የገባበት ቤት ደግሞ ብርሃኑን የሚቀበለው ሳጥን በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የሚታወቅ ስለሆነ እሱን በሌላ መተካት አያስኬድም። እሱ ባለበት ሆኖ ዋይፋዩ ይጠፋና አዲሱ ራውተር በኬብል ከጀርባው ይሰካል። ቋሚ መስመር ለማስገባት ለማይመቸው ተከራይ ወይም ተማሪ ሲም የሚገባበት ራውተር አለ። የ4ጂ አገልግሎት በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ይሠራል። እንዲህ ያለው ራውተር ከመገዛቱ በፊት ለአንድ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑ ይጠየቅ፤ ቦታውም ከቋሚ መስመሩ ራውተር በተለየ፣ መስኮት አጠገብ ነው።

ግቢው ሰፊ ሆኖ ሰርቪስ ድረስ ዋይፋይ ለማድረስ ከሆነ አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌው ራሱ ሥራ አለው። ትልቁ ቤት ካለው ራውተር እስከ ሰርቪስ የኔትወርክ ኬብል ይዘረጋል፤ ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠበቅ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። አሮጌው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ የማደል ሥራ ይጠፋል፣ የራሱ አድራሻ ከዋናው እንዳይጋጭ ይለወጣል፣ ቻናሉም ከዋናው ይለያል፤ ኬብሉ ከላን መሰኪያ ወደ ላን መሰኪያ ይሰካል። በአየር ብቻ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኤክስቴንደር ኬብል አይፈልግም፤ ነገር ግን በአንድ ሞገድ የሚቀበልና የሚልክ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ቆርቆሮውና ብሎኬቱም ከዚያ ላይ የራሳቸውን ይወስዳሉ። ይህ ሥራ የሚሰጠው ግን ደብልዩፒኤ2 ላለው አሮጌ ራውተር ነው። ለሰው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ከሆነም መርፌው ሪሴቱ ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ተይዞ የቤቱ ፓስወርድና የመስመሩ መለያ ከውስጡ ይጥፋ።