«ቢፈልግ ያቆም ነበር» ከማለታችን በፊት

«ቢፈልግ ያቆም ነበር እኮ!» በመጠጥ ስለተያዘ ሰው ሲወራ ደጋግሜ የምሰማት አባባል ናት። እኔ ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ይህች አባባል ግን ትልቅ ነገር የምትዘነጋ ይመስለኛል፦ ልማድን።

ክሪስቶፈር አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ጥናት ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አይጦች ፔዳል ሲጫኑ ጣፋጭ ምግብ ያገኛሉ። ቀጥሎ ያው ምግብ ከሕመም ጋር እንዲያያዝባቸው ይደረጋል። 100 ጊዜ ብቻ የተለማመዱት መጫኑን ቀነሱ። 500 ጊዜ የተለማመዱት ግን ምግቡን ቢጠሉትም መጫናቸውን ቀጠሉ። በ2002 እነ አንቶኒ ዲኪንሰን በአልኮል ሲሞክሩት ደግሞ አይጦቹ ለምግቡ መጫናቸውን ሲቀንሱ ለአልኮሉ ግን አልቀነሱም።

ፕሮግራመሮች ይህን በካሽ መስለው ሊረዱት ይችላሉ፦ መልሱ አንዴ ተሰልቶ ተቀምጧል፤ ሁኔታው ቢለወጥም አሮጌው መልስ ይወጣል። አርብ ማታ፣ ከሥራ መልስ፣ ያው ሶፋ። እጅ ከሐሳብ ቀድሞ ጠርሙሱ ጋር ይደርሳል።

ሁሉንም በልማድ ማሳበብ ግን አይቻልም። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ሊ ሆጋርት በ2020 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሱስን በዋናነት የሚነዳው ልማድ ሳይሆን ከመጥፎ ስሜት ለመገላገል የሚደረግ ምርጫ ነው ሲል ተከራክሯል። በስደት ያለን ሰዎች ይኼ አይጠፋንም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የሚጠጣው ዓላማ ስላለው ነው፦ ለመተኛት፣ ብቸኝነቱን ለመርሳት።

ስለዚህ ወዳጃችንን ከመውቀስ ሁለት ነገር ብንጠይቀው ይሻላል። መቼና የት ነው የምትጠጣው? ልማዱ እዚያ ካለ፣ ቤት ውስጥ ጠርሙስ አለማስቀመጥ፣ የአርብ ማታን ቦታ መቀየር ይረዳል። ምን ፈልገህ ነው? መልሱ ብቸኝነት ከሆነ ደግሞ ምክር ሳይሆን ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ቡና አፍልቶ መጥራት፣ ስልክ መደወል።

አንድ ነገር ግን እንወቅ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። «ዛሬውኑ ተወው» ብሎ ማስገደድ አደገኛ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ይሂድ። እንደ ናልትሬክሶን ያሉ የሚያግዙ መድኃኒቶችም አሉ።

ከእኛ የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። ግብዣ ላይ ለስላሳ ያዘዘውን ሰው «ምን ሆንክ? በሞቴ አንድ ብቻ!» አንበለው። ያቺን አንዷን እምቢ ለማለት ምን ያህል እንደታገለ እሱ ነው የሚያውቀው።