የእስስት ማኅደር

የአብነት ተማሪ ዳዊቱን አንግቶ የሚዞርበትን የቆዳ ማኅደር አስተውሎ ያየ ሰው፣ ማኅደሩ በመጽሐፉ ቁመትና ውፍረት ተለክቶ የተሰፋ እንጂ መጽሐፉ ለማኅደሩ ሲባል ያልተጠረዘ መሆኑን ያውቃል። እስስትን በቤቱ ሊያኖር የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሥርዓት ሊያስብ ይገባዋል፤ ውሻና ድመት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከሰው ኑሮ ጋር የተስማሙ ሲሆኑ፣ እስስት ግን ቆዳዋን እንጂ ጠባይዋን ለሰው ስትል አትለውጥምና።

ይህን የተማርሁት በበደል ነው። በልጅነቴ፣ ወሰን በሚባለው ሰፈር ከነበረው ቤታችን አጥር ላይ፣ ቀጋና ክትክታ ተሳስረው ከቆሙበት፣ አንዲት እስስት አገኘሁና በማርማላታ ጠርሙስ ከተትኋት። ክዳኑን በሚስማር በሳሁት፤ የጎመን ቅጠል አነጠፍሁላት፤ በቆርኪ ውሃ አኖርሁላት፤ ፀሐይም እንድትሞቅ ብዬ ጠርሙሱን በመስኮት ላይ አስቀመጥሁት። እንደ ሐመልማል የለመለመው ገላዋ በማግሥቱ ጠቆረ፤ በሦስተኛው ቀን ጧት ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰጥመው ሞታ አገኘኋት። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ «ምን በድላህ ነው ልጄ?» ብላ ብቻ ዝም አለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ እነዚህ ፍጥረታት ሳነብ፣ ለእርሷ በጎ መስሎኝ ያደረግሁት ሁሉ አንድ በአንድ የገደላት መሆኑን ተረዳሁ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ነው። መስታወት የፀሐይን ሙቀት አስገብቶ ያምቃል፤ ዐይን የማያየውንና አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ግን፣ ይልቁንም ለእንስሳው የሚያስፈልገውን ክፍል፣ አያሳልፍም። ያ ጨረር በቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ይፈጠራል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ከምግቧ የምታገኘው ካልሲየም ወደ አጥንቷ አይደርስም፤ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል። ስለዚህ ማኅደሯ ነፋስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍበት፣ በወንፊት የተጋረደ የእንጨት ሣጥን ይሁን። ለአንድ የደረሰ የየመን እስስት ስፋቱና ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ቁመቱ የሚበልጥበት ምክንያት እስስት በምድር ላይ ሳይሆን በቅርንጫፍ ላይ የምትኖር፣ ከበላይዋ ሆኖ የሚመለከታትንም ሁሉ እንደ ጠላት የምትቈጥር በመሆኗ ነው። ሣጥኑም ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ መውጫ ቅርንጫፏ ከሰው ዐይን በላይ ይሁን።

የየመንን እስስት የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ከሱቅ የሚገዟት በአብዛኛው እርሷን፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣችውንና በሰው እጅ ተራብታ የምትሸጠውን ነው። የእኛ ደጋ እስስት ግን ሌላ ናት። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1845 በጽሑፍ ያስታወቃት ይህች ፍጥረት እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሆዷ ተሸክማ ትወልዳለች፤ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ የደጋው ምድር ለእንቁላል የሚበርድ ስለ ሆነ እናቲቱ ራሷ በፀሐይ እየሞቀች ሽሉን ታሞቃለች። እርሷን ከቊጥቋጦ አንሥቶ በቤት ማኖር ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ይህን ይደነግጋል፤ በአገሮች መካከል የሚደረገውን ንግድ የሚቈጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም አብዛኞቹን እስስቶች በሁለተኛው ዝርዝር አስፍሯቸዋል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ውሃው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። እስስት በቆርኪ የቆመን ውሃ ውሃ መሆኑን አታውቅም፤ የምታውቀው ጠልን ነው። ከዝናብ በኋላ በዚያው በወሰን አጥር ላይ አንዲቱን ስትጠጣ ቆሜ አይቻለሁ። በቅጠሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ነጠብጣብ ብርሃን ሲመታት፣ አንደኛው ዐይኗ እኔን እያየ ሌላው ወደ ነጠብጣቢቱ ዞረ፤ ቀስ ብላ አፏን ከፈት አደረገች፣ ጠብታዋንም ከቅጠሉ ወሰደች፤ ጕሮሮዋ አንድ ጊዜ እብጥ ብሎ ተመለሰና ሁለተኛዋን ፈለገች። ስለዚህ በማኅደሯ ውስጥ ሕይወት ያለው ተክል፣ እንደ ሂቢስከስ ወይም ቤንጃሚን ያለ፣ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት፣ በብዛት ይኑር፤ ማታና ንጋት ቅጠሉ ይረጭ፣ ከላይም በመርፌ የተበሳ ዕቃ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይበልላት፤ በቀን ግን ቅጠሉ ሊደርቅ ይገባል፤ ዘወትር የረጠበ ቤት ለሳንባዋ በሽታ ነውና። ጥማቷን ከኩሷ መለየት ይቻላል፤ ነጩ ክፍል ነጭ እንደ ሆነ ውሃ አግኝታለች፣ ወደ ብርቱካን የቀላ እንደ ሆነ ግን ተጠምታለች።

ሙቀቱ ደግሞ በማኅደሩ ሁሉ እኩል አይሁን። ለየመኒቱ በመብራቱ ሥር ያለው ቅርንጫፍ ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ታችኛው ጽላሎት ቀዝቃዛ ሆኖ እርሷ ራሷ ወጥታና ወርዳ የምትመርጠው ይሁን፤ የጨረሩም መብራት ከላይ ሆኖ 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት ይጥፋ። ሌሊት ብርሃን አትሻም። በእንጦጦ ግርጌ የኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርደውን ብርድ የለመዱት የደጋ ወገኖቿማ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ካልደረሳቸው ይታመማሉ።

ዋና ምግቧ ጎመን ሳይሆን ፌንጣና ዝንብ የመሰለ ነፍሳት ነው፤ በማኅደር ለምትኖረው ግን የካልሲየም ዱቄት ይነስነስበት። ሁለት እስስቶችንም በአንድ ሣጥን አታኑሩ፤ መተያየታቸው ብቻ ያስጨንቃቸዋል።

የመጥቆሯ ነገር ይቀራል። እስስት የምትለወጠው የቆመችበትን ቅጠል ለመምሰል ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ፣ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ደቃቅ ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል፤ ይህም የሚሆነው ከሙቀቷ፣ ከፍርሃቷና ከጭንቀቷ የተነሣ ነው። በጠርሙሴ ውስጥ የጠቆረችው ስትጨነቅ ኖሯል። ማኅደር የሠራ ሰው ሥራውን የሚመረምርበት መስታወት ይኸው ቆዳዋ ነው።

ከማኅደር ስለ መልቀቅም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከኬንያ ወደ ሃዋይ የተወሰዱ፣ ከእኛይቱ ጋር በአንድ ወገን የሚቈጠሩ ጥቂት ደርዘን እስስቶች መንገዱ ስላጐሳቈላቸው፣ ነጋዴው እንዲያገግሙ በግቢው ተክል ላይ ለቀቃቸው። አገገሙ፤ ከግቢውም ወጥተው ደሴቶቹን ሞሉ፣ የአገሩንም ቀንድ አውጣ ይበሉ ጀመር። ከባዕድ ምድር የመጣችውን እስስት ስለዚህ ከማኅደሯ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም።

የወሰንን አጥር እስስት ልጅ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእጅ አትጭበጧት፤ ቀጭን እንጨት ከፊቷ አቅርቡላት፣ ራሷ ትወጣበታለች። ከዚያ ሳይመሽ ልጁ ወዳገኘበት ቊጥቋጦ ውሰዷትና እንጨቱን ከቅርንጫፉ ጋር አስደግፋችሁ ጠብቁ፤ አንድ እግሯን አንሥታ በአየር ላይ ጥቂት ታወዛውዛለች፣ ከዚያም ቅርንጫፉን ትጨብጣለች።