አነስተኛዋ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለባሕር ዳር እናት ትስማማለች?

ቤንዚን ፍለጋ ከማደያ ወደ ማደያ መንከራተት፣ በጠዋት ባጃጅ መጠበቅ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ በሰዓቱ ከሥራ ገበታ መገኘት ለባሕር ዳር ሠራተኛ እናቶች አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ ግድ ሆኗል። ዕቁቡን፣ ቁጠባውንና ብድሩን አንድ ላይ አሰባስቦ የሚገዛ ቤተሰብ ደግሞ ተሳስቶ እንደገና የሚገዛበት ገንዘብ አይኖረውም። ስለዚህ ውድ አንባቢያችን፣ ለአብነት ያህል የቻይናው ቢ.ዋይ.ዲ. ኩባንያ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራትን ሲጋል የተባለችውን ትንሽ አውቶሞቢል እንመልከት።

አስተያየታችንን አስቀድመን እንናገር። መኪናዋ ለከተማው ትስማማለች። ጥያቄው የእርስዎ ቤት ለመኪናዋ ይስማማል ወይ ነው።

ባሕር ዳር ከበዛዊት ኮረብታ በቀር ሜዳ ናት። ከሽምብጥ ተነሥተው ልጆችዎን አድርሰው፣ በአዲሱ ድልድይ ወደ ዓባይ ማዶ ለሥራ ተሻግረው፣ ሲመለሱ በቅዳሜ ገበያ በኩል አስቤዛ ይዘው ቢገቡ ቀኑን ሙሉ የሚነዱት ከ20 እስከ 25 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። ሲጋል በሁለት ዓይነት ባትሪ ትሸጣለች። ትንሹ 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ትልቁ ወደ 39 ይጠጋል። ፋብሪካው በቻይና መለኪያ ትንሹ 305፣ ትልቁ 405 ኪሎሜትር ይሄዳል ይላል። ይህ ቁጥር ግን ለስላሳ መለኪያ ነውና ከሦስት አንዱን እጅ ቀንሰው ቢያስቡ አይቆጩም። በዚህ ስሌት እንኳ ትንሹ ባትሪ የከተማውን ሳምንት ይሸፍናል። ለትልቁ ባትሪ የሚጨመረው ገንዘብ ከከተማ ለማይወጣ ሰው ትርፍ ወጪ ነው።

የአየሩም ጠባይ ይረዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የቤንዚን ሞተር አየር እያጠረው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ምንም አይጎድልበትም። ውርጭ የለም፤ ባትሪን የሚያደክመው ብርቱ ብርድ ነውና። የሚያዝያ ፀሐይ ግን አያምርላትም፤ ጥላ ይፈልጉላት። ፍሪሲዮንና የሚቀያየር ማርሽ ስለሌላት መንጃ ፈቃድ አውጥተው በፍርሃት ላስቀመጡት እኅቶች ቀላል ናት።

አሁን ወደ ቤትዎ እንግባ። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በተራ ሶኬት ሲሰካ 2 ኪሎዋት ያህል ይስባል። የእንጀራ ምጣድዎ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚስብ ያስቡ። መኪናዋ ከምጣድ ያነሰ ትበላለች ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ምጣድ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነቀላል፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ልታድር ትችላለች። ቀጭን ሽቦ ምጣዱን ችሎ ኖሮ፣ ለአሥር ሰዓት ያለማቋረጥ ሲጫንበት ሊግልና ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ወደ መኪና ሻጭ ከመሄድዎ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤትዎ ያምጡ። ከቆጣሪው ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ያስገጥሙ። በማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት ጨርሶ አይገባም። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ደግሞ መኪናዋ ትጠብቅ።

የራስዎ ግቢና የራስዎ ቆጣሪ ካለዎት ነገሩ በዚህ ያልቃል። ከሌለዎትስ? ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ሒሳቡ በየወሩ ሲካፈል፣ የእርስዎ መኪና ሌሊት ሌሊት ስትስብ ማደሯ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላ ጉዳይ ነው። የታሪፉ ጠባይ ደግሞ ጠቡን ያከረዋል፤ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም በደረጃ ከፍ ይላልና ጭማሪው ሁሉም ላይ ይወርዳል። አከራይዎ የተለየ ቆጣሪ ለማስገባት በጽሑፍ ካልፈቀዱልዎ ግዢውን ማቆየቱ ይሻላል። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩም ገመድ በመስኮት ማውረድን አያስቡት። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ክረምት ውኃ የሚያቁርበት ግቢ ነው።

መብራት ቢጠፋስ የሚሉ አሉ። ዓባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማ ስለ መብራት መጥፋት ማውራት ያስገርም ይሆናል። ጢስ ዓባይ ከአፍንጫችን ሥር፣ ጣና በለስ በ460 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በዚሁ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ አሉ። ይሁን እንጂ ኃይል ቢመነጭም የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ ሲታመሙ ቤት መጨለሙ አይቀርም። ቢሆንም የቀኑን 25 ኪሎሜትር ለመተካት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚበቃ፣ ባትሪው ከግማሽ እንዳይወርድ የምትጠነቀቅ እናት ለሁለት ቀን መብራት ቢጠፋም ከመንገድ አትቀርም።

ወጪውን እናስላ። በወር 26 ቀን፣ በቀን 25 ኪሎሜትር ቢነዱ 650 ኪሎሜትር ይሆናል። ለዚህ መኪናዋ በቻርጅ የሚባክነው ተጨምሮ 90 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗልና፣ ነገሩን አክብደን አንዱን በ10 ብር ብንቆጥረው እንኳ 900 ብር ነው። ለዚሁ መንገድ ትንሽ የቤንዚን መኪና 45 ሊትር ገደማ ታቃጥላለች። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ማለፉን ስናስታውስ ከ4,500 ብር በላይ ይሆናል። ኦሊዮ፣ ፊልትሮና ካንዴላም ከወጪው ይሰረዛሉ። ጎማ ግን አይሰረዝም፤ ባትሪው ከባድ ነው።

ጉድለቷን ደግሞ አንደብቅ። ሲጋል የአራት ሰው መኪና ናት። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ከገቡ አያት ቀሩ ማለት ነው። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ እንደ ዶልፊን ያለችውን ባለ አምስት መቀመጫ ይመልከት። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ስለሆነ በኮብልስቶን መንገድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆዷ እንዳይፋቅ ጥንቃቄ ያሻል። ድምፅዋ አለመሰማቱም ደስ ቢልም፣ ብስክሌት በበዛበት ከተማ አደጋ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሕፃን መምጣትዎን አይሰማምና ቀስ ብለው ይንዱ።

ለዘመድ ጥየቃም ልኳን ይወቁላት። ጎንደር ደርሶ መልስ 360 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቻርጅ የሚያደርጉበት ቤት ሳያረጋግጡ አይነሡ። ደብረ ታቦር ደርሶ መልስ 200 ያህል ቢሆንም መንገዱ ወደ 2,700 ሜትር የሚያወጣ ዳገት ነው። ቁልቁለቱ ሲመለሱ ጥቂት ኃይል ይመልስልዎታል፤ በትንሹ ባትሪ ግን ልብ የሚያንጠለጥል ጉዞ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ መክፈቱ መልካም ጅምር ነው፤ ለደብረ ታቦር ዳገት ግን አይደርስም።

ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ የመሪውን ቆዳና የስክሪኑን ትልቅነት ይለፉት። መጀመሪያ የቻርጅ አፏ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት በቻይና ደረጃ፣ ሌሎቹ በአውሮፓ ደረጃ ናቸውና አንዱ የሌላውን መሰኪያ አይቀበልም። የስክሪኑ ቋንቋ በቻይንኛ ብቻ እንዳይሆን፣ ቅያሪ ጎማ መኖር አለመኖሩን፣ ብልሽት ቢመጣ ባሕር ዳር ውስጥ የሚጠግናት ባለሙያ ማን እንደሆነ ይወቁ። ያገለገለች ከሆነች የባትሪው ጤና በኮምፒዩተር ተለክቶ በወረቀት ይሰጥዎ። ከዚያም ባትሪው መቶ ሲሞላ ተነሥተው 50 ኪሎሜትር ይንዱና ስንት እንደቀረ ያንብቡ። ሙከራውን ብቻዎን አያድርጉት። ባለቤትዎንና ልጆቹን ጭነው፣ ሰፈርዎ ባለው ትልቁ ጉብታ ላይ ቀስ ብለው ያሳልፏት፤ ከሥር ሲፋቅ የሚሰማ ድምፅ ካለ ገንዘቡን ሳይከፍሉ ይመለሱ።