ሁለቴ የሚጫን ቁልፍ፦ ከዎርድፕረስ የብሎክ ኤዲተር ጋር እንዴት ተላመድን?

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የማኅበራችን ድረ ገጽ ከተከፈተ ጀምሮ ቴክኒኩን የምይዘው እኔ ስሆን፣ ጽሑፉን የሚጽፉት ግን ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ናቸው። የስብሰባ ጥሪ፣ የበዓል ዝግጅት፣ የለቅሶ ማስታወቂያ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት አልተማሩም። የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫን ደብተር ላይ ጽፈው ይዘው፣ ቦታውን በዓይናቸው ለምደው ነው የሚሠሩት።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2018 ዎርድፕረስ 5.0 ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ገብቼ አፕዴት አደረግኩ። ገጹ ተከፈተ፣ ፎቶዎቹም በቦታቸው አሉ፤ ተመስገን ብዬ ተኛሁ። ለጋሼ ግን አንድ ቃል አልነገርኳቸውም።

እሑድ ጠዋት የአንድ አባላችን እናት አገር ቤት ማረፋቸው ተሰማ። ጋሼ የለቅሶውን ቤት አድራሻና ሰዓት ጽፈው አወጡ፤ ያወጡ መሰላቸው ማለት ይሻላል። ማታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሰዉን ምን ነካው? ከአምስት ሰው በላይ እኮ አልመጣም።»

«ጋሼ፣ ማስታወቂያው አልወጣም እኮ።»

«እንዴት አልወጣም? እኔው ራሴ ተጭኜዋለሁ!»

እውነታቸውን ነው፣ ተጭነዋል፤ አንድ ጊዜ። አዲሱ ኤዲተር ግን «አትም» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑት ወዲያው አያወጣም። በጎን ሌላ ክፍል ይከፍትና ለማውጣት ዝግጁ መሆንዎን ይጠይቃል፤ እዚያም ሁለተኛ መጫን ያስፈልጋል። ጋሼ ኮምፒውተሩን ሲዘጉ ማስታወቂያው ረቂቅ ሆኖ ቀረ። ለቅሶ መቅረት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ጥፋቱ ግን የሳቸው አልነበረም። ሳልነግራቸው የሚጽፉበትን ገጽ የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ምንድን ነው የተለወጠው?

የድሮው ኤዲተር እንደ ዎርድ አንድ ሰፊ ነጭ ገጽ ነበር። አዲሱ ደግሞ ጽሑፉን በብሎክ በብሎክ ይከፋፍለዋል። አንዱ አንቀጽ አንድ ብሎክ፣ ንዑስ ርዕሱ ሌላ፣ ፎቶው ሌላ ይሆናል፤ እያንዳንዱንም ለብቻው ማንሳት፣ ማዘዋወርና መቀየር ይቻላል። የፕሮጀክቱ ስም ጉተንበርግ ነው። ስሙ የተወሰደው ከእኛ ብዙ በማትርቀው በማይንዝ ከተማ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ፊደላትን አንድ በአንድ እየገጣጠመ መጽሐፍ ካተመው ሰው ነው። የእኛም ፊደል ብዙ ሳይቆይ በዚያው ጥበብ ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ወጥቷል።

ለውጡ የከበደው ለጋሼ ብቻ አልነበረም። የ5.0 መውጫ ከኖቬምበር 19 ወደ 27፣ ከዚያም ወደ ዲሴምበር 6 ተገፍቷል። ከዚያ በፊት በኦክቶበር፣ ሶፍትዌሩ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች የሚሠራው ቡድን መሪ ከኃላፊነታቸው ለቅቀዋል። ዓይነ ስውራን በስክሪን ሪደር እንዴት እንደሚጠቀሙበት ትልቅ ክርክር ነበር። አንዳንዶች ተገንጥለው የድሮውን ኤዲተር ይዞ የሚቀጥል ክላሲክፕረስ የተባለ ሶፍትዌር ጀመሩ። ብዙዎች ግን መካከለኛውን መንገድ መረጡና ክላሲክ ኤዲተር የተባለውን ፕለጊን ጫኑ። ይህ ፕለጊን ዛሬም ከ5 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ድጋፉ በ2021 ያበቃል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ተራዝሟል።

እኛ ምን አደረግን?

በዚያችው ማታ ክላሲክ ኤዲተርን ጫንኩ። ፕለጊኑ ሁለቱንም ኤዲተሮች ጎን ለጎን ማስኬድ ስለሚፈቅድ ጋሼ በድሮው፣ እኔ በአዲሱ ቀጠልን። የድሮ ጽሑፎች አይጠፉም። በአዲሱ ኤዲተር ሲከፈቱ ሙሉ ጽሑፉ በአንድ ክላሲክ ብሎክ ውስጥ ይገኛል፤ ከተፈለገ ወደ ብሎኮች ይቀየራል።

ጋሼን ወደ አዲሱ የሳባቸው አንድ የአማርኛ ጉዳይ ነው። ጽሑፋቸውን ከዎርድ ገልብጠው ሲለጥፉ የፎንቱ ስም አብሮ ይገባ ነበር። አንዱ አንቀጽ በኒያላ፣ ሌላው በሌላ ፎንት ሆኖ ገጹ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የብሎክ ኤዲተሩ ሲለጥፉ ይህን ትርፍ ነገር አራግፎ እያንዳንዱን አንቀጽ በራሱ ብሎክ ያስቀምጣል። ጋሼ ይህን ሲያዩ «እንዲህማ ከሆነ አሳየኝ» አሉ።

ያስቸገረንም አለ። ስላሽ ተጭኖ የብሎክ ስም በመጻፍ ብሎክ መጥራት ፈጣን ዘዴ ነው። የእኛ መቆጣጠሪያ ገጽ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን በየመሀሉ ኪቦርድ መቀየር ግድ ይላል። ስለዚህ ጋሼ የመደመር ምልክቷን ተጭነው ከዝርዝሩ ይመርጣሉ።

ሌላው ስሕተት አሁንም የኔ ነው። የለቅሶ ማስታወቂያውን ተደጋግሞ የሚያገለግል ብሎክ አድርጌ አስቀመጥኩላቸው። ጋሼ አድራሻውን ሲቀይሩ የቀድሞዎቹ ማስታወቂያዎች አድራሻም አብሮ ተቀየረ! እንዲህ ዓይነት ብሎክ አንድ ቦታ ሲነካ በሁሉም ቦታ ይለወጣል። ለማኅበሩ ስልክ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ለማስታወቂያ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ከወጣው 6.3 ጀምሮ ያልተያያዘ ንድፍ ከኤዲተሩ ውስጥ ሆኖ ማስቀመጥ ይቻላል። አሁን ጋሼ ንድፉን ያስገባሉ፣ ስም፣ አድራሻና ሰዓት ይሞላሉ፣ አለቀ።

በመጨረሻም ያን ሁለተኛ ጥያቄ ላጠፋላቸው ፈለግኩ፤ ምርጫዎች ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። እሳቸው ግን «ተወው» አሉኝ። «ሲጠይቀኝ አድራሻውን ደግሜ አነበዋለሁ።» ደብተራቸውንም ከፍተው አሳዩኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ «ሁለቴ» የሚል ተጽፏል።

እናንተም የማኅበር ወይም የእድር ድረ ገጽ የምትይዙ ካላችሁ፣ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ። ቀጥሎም ለሚጽፈው ሰው ደውሉለት።