ዓለም ለወንዱ ሲሰፋ፣ ለሴቷ ሲጠብ

ሴት ልጅ ማጎጥጎጥ ስትጀምር የምትሄድበት ቦታ ያንሳል፣ የሚከታተላት ዓይን ይበዛል። ወንድሟ ግን በዚያው ዕድሜ ከሰፈር ርቆ መዋል፣ አምሽቶ መግባት፣ የራሱን ሳንቲም መያዝ ይጀምራል። የጉርምስናን ዕድሜ የሚያጠኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች በየአገሩ ደጋግመው ያገኙት ነገር ይኸው ነው፤ ዓለም ለወንዱ ይሰፋለታል፣ ለሴቷ ይጠብባታል። ልዩነቱን የሚያመጣው የሰውነት ለውጥ ብቻ አይደለም። ኅብረተሰቡ ስለ ሴትነትና ስለ ወንድነት የሚያወርሰው ልማድ፣ ማለትም ሥርዓተ ፆታ፣ ከሰውነቱ ለውጥ ጋር አብሮ ይጠነክራል። ይህ ልማድ በልጆች ትምህርት፣ ጤና፣ ትዳርና መንፈስ ላይ የሚያደርሰው ነገር በስፋት ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ነገሩን በዓለም አቀፍ ደረጃ ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የጀመረውና ሮበርት ብሉም የመሩት የቅድመ ጉርምስና ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ውጤት ከ10 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 450 ያህል ልጆችና ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው በ15 አገሮች ከሰጡት ቃል የተገኘ ነበር። ከተሞቹ እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ ባልቲሞርና ሻንጋይ፣ አስዩትና ናይሮቢ፣ ኪንሻሳና ኒው ዴልሂ ይገኙበታል። ልጆቹ የተናገሩት ግን ተመሳሳይ ነው። ሴት ደካማ ስለሆነች ጠባቂ ያሻታል፤ ወንድ ብርቱ ስለሆነ ራሱን ይችላል። ይህን ሁሉ ገና በ10 እና በ11 ዓመታቸው ጠንቅቀው ያውቁታል። ለወጣቶች የሚዘጋጁ የጤና መርሐ ግብሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በ15 ዓመት አካባቢ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ያ ጊዜ ሳይዘገይ አልቀረም የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

ከተሰመረው መስመር የወጣ ልጅ ቅጣቱን ከእኩዮቹ ያገኛል። ወንድ ልጅ ማልቀስ ካበዛ ወይም ማጀት ገብቶ እናቱን ካገዘ «ሴታ ሴት» ይባላል፤ ኳስ የምትወድና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ልጅ «ወንዳ ወንድ» ትባላለች። ጥናቱ እንዳሳየው በዚህ ረገድ የወንዶቹ ቅጣት የባሰ ነው፤ መሰደብና መደብደብም ይከተላል። ሁለቱም ወገኖች ዋጋ ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በሴቶቹ ላይ ከትምህርት መቅረት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ጥቃትና የመንፈስ ጭንቀት ይበረታል። ወንዶቹን ጠብ፣ አደጋ፣ ሱስና ራስን ማጥፋት ያጠቃቸዋል። ችግርን ለማንም አለመናገር እንደ ጀግንነት ስለሚቆጠር የወንዶቹ ጉዳት ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ይቆያል።

እንዲህ ያለውን ልማድ መለካት ቀላል አይደለም። ተመራማሪ ሄዶ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ጁሊ ፑልዌርዊትዝና ጋሪ ባርከር በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ወጣቶች መካከል ያዘጋጁት መለኪያ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ተጠያቂው ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ አስተያየቶች ይነበቡለታል። ሕፃን ማጠብና መመገብ የእናት ሥራ ብቻ ነው? በቤት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የባል ነው? ሴት መመታት የሚገባት ጊዜ አለ? ለእያንዳንዱ እስማማለሁ፣ በከፊል እስማማለሁ ወይም አልስማማም ብሎ ይመልሳል፤ መልሶቹ ተደምረው የሰውየውን አመለካከት ያሳያሉ። ለትንንሾቹ ደግሞ ስለ አንድ ልጅ አጭር ታሪክ ተነግሯቸው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቃሉ። ልጅ ስለ ራሱ የማይናገረውን በታሪኩ ልጅ አፍ ይናገረዋል።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ግን 63 በመቶ ናቸው። ከዚያ ጥናት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አኃዙ በወንዶች 45፣ በሴቶች 68 በመቶ ነበር። ስለዚህ የወንዶቹ አመለካከት ቢያንስ በቃል ደረጃ ፈጥኖ ሲለወጥ፣ የሴቶቹ ገና ብዙ ይቀረዋል። ልጅቷን በቅርብ የምታሳድጋት እናት ናትና፣ ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በወንዶች እጅ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚያበቃ ጥናት ልጁ የት እንደደረሰ አያሳይም። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ያንኑ ልጅ ለዓመታት ይከታተላሉ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ወደ 12 ሺህ ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ ከእነዚህ 3 ሺህ ያህሉ በኢትዮጵያ 20 አካባቢዎች የሚኖሩ ናቸው። ጌጅ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ሌላው ጥናት ደግሞ በደቡብ ጎንደር፣ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በአፋርና በጥቂት ከተሞች ይካሄዳል። የገጠሩን ልጅ ውሎ በዝርዝር ሲመዘግቡ የሥራው ክፍፍል ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና እንጀራ መጋገር ለእሷ፣ ከብት መጠበቅና የእርሻ ሥራ ለእሱ። በአንዳንድ ቦታ ከትምህርት ገበታ ቀድሞ የሚጠፋው ወንዱ ልጅ ነው፤ እረኝነቱና የቀን ሥራው ይጠራዋል። የሴቷን ትምህርት በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ግን ጋብቻ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም ፆታ 18 አደረገው። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት (እ.ኤ.አ.) ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 በመቶ የሚሆኑት 18 ሳይሞላቸው አግብተው ተገኝተዋል። ወላጅ ልጁን በልጅነቷ የሚድረው ስለሚጠላት አይደለም። ስሟ ይጠፋል፣ ትጠለፋለች፣ ቆማ ትቀራለች ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ የሚመነጨው ከጎረቤት አፍ ነውና አንድ አባት ብቻውን ሊያሸንፈው አይችልም።

ብርሃነ ሔዋን የተባለው ሥራ የተነሳው ከዚህ ግንዛቤ ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቀበሌ ሞከረው። ልጃገረዶቹ ከአካባቢው በተመረጡ አሠልጣኝ ሴቶች ዙሪያ እየተሰበሰቡ ይማራሉ፣ ይወያያሉ። ትምህርት ቤት ለሚሄዱት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል። አዋቂዎቹ በማኅበረሰብ ውይይት ስለ ጋብቻ ዕድሜ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ልጁን ሁለት ዓመት ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ በሕዝብ ፊት አንዲት በግ ወይም ፍየል ይበረከታል። ስጦታው በአደባባይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ያልዳረ አባት የሚታማበት አደባባይ አሁን የሚከበርበት ሆነ።

አናቤል ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ ውጤቱን ሥራው ካልገባበት ተመሳሳይ ቀበሌ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙት። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የማግባት ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩትም መካከል የእርግዝና መከላከያ የተጠቀሙት በዝተዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን የታየው ተቃራኒው ነው፤ ሥራው ሲጠናቀቅ የማግባት ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ እኩዮቻቸው በልጦ ተገኘ። አጥኚዎቹ ይህን ሳይደብቁ ማውጣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ በትንሿ የሠራ ዘዴ በታላቅ እህቷ ላይ እንደማይሠራ የታወቀው በዚህ ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ጥናት የመርሐ ግብሩን ክፍሎች ነጣጥሎ በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቡርኪና ፋሶ ፈተነ። በኢትዮጵያ የትምህርት ቁሳቁስ በተሰጠባቸው አካባቢዎች ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድል በ94 በመቶ ቀነሰ። ልጅቷ ሳታገባ ትምህርቷን ለቀጠለችበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ በተሰጠባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው በግማሽ ወረደ። አንድ ደርዘን ደብተርና ጥንድ ዶሮ የልጅን ዕጣ ይለውጣሉ ብሎ ማን ያምናል? ለድሃ ቤተሰብ ግን ውሳኔው የሚንጠለጠለው በዚያች ትንሽ ነገር ላይ ነው።

ጋብቻውን ሁልጊዜ ወላጅ ያመጣዋል ማለት ግን ስሕተት ነው። ጌጅ በምሥራቅ ሐረርጌ ባደረገው ጥናት ወጣቶቹ በሸጎዬ ጭፈራ ምሽት ተገናኝተው ራሳቸው የሚጀምሩት ጋብቻ በርካታ ሆኖ አግኝቶታል፤ ወላጆች ማስቆም አቃተን ብለው ያማርራሉ። በዚያ አካባቢ አባትን ብቻ መምከር ብዙ ርቀት አይወስድም። በሰሜን ደግሞ ሊድሯቸው ሲሉ ጠፍተው አዲስ አበባ የሚገቡ ልጆች አሉ። ደላላ እጅ ወድቀው በቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ፤ ወዳጅ ዘመድ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2006 መርካቶ አካባቢ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለ መርሐ ግብር እነዚህን ልጆች ፍለጋ አሠልጣኞቹን ቤት ለቤት አሰማርቷል፤ አሠሪን ማሳመን የሥራው አንድ ክፍል ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ውጭ የሚያውቃት ሰው የሌለ ልጅ የሚደርስባትን ጥቃት የምትነግረው የላትም።

ወንዶቹን በተመለከተ በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ ቂርቆስና ቦሌ ክፍለ ከተሞች ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉ 729 ወጣቶች መካከል የተደረገው ጥናት ተስፋ ይሰጣል። በአንደኛው ቦታ የቡድን ውይይትና የአካባቢ ቅስቀሳ ተጣምረው ተሰጡ፤ በሁለተኛው ቅስቀሳው ብቻ፤ በሦስተኛው ምንም አልነበረም። ባለፉት ስድስት ወራት የፍቅር ጓደኛቸው ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን ያመኑት በመጀመሪያው ከ53 ወደ 38 በመቶ፣ በሁለተኛው ከ60 ወደ 37 በመቶ ወረዱ። በሦስተኛው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። መልሱ ወጣቶቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት መሆኑ መታወስ አለበት፤ ሆኖም ሦስቱም ቦታዎች የተጠየቁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ፓዝፋይንደርና ኬር ኢትዮጵያ የተባሉት ድርጅቶች በኋላ የጀመሩት ሥራ ከእነዚህ ሁሉ ትምህርት ወስዷል። ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በየሳምንቱ ከእነሱ ጥቂት በሚበልጡ ወጣት አሠልጣኞች ዙሪያ ያሰባስብ ነበር፤ በጎን ለወንዶቹም ለወላጆቹም የተለየ ውይይት ነበረው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሥርዓተ ፆታ ክበባት ይህን ለማድረግ የውጭ ድጋፍ አያስፈልጋቸውም። ርእሳነ መምህራን የክበባቱን በር ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ለልጃገረዶቹ ይክፈቱ፤ ወንዶቹንም ያስገቡ።