የእግር ጥፍር ፈንገስ፦ ለምን ይይዛል? እንዴትስ ይታከማል?



በሶላት ሰልፍ ላይ እግር ከእግር ሲጠጋጋ ጣቶቹን ሰብሰብ የሚያደርግ፣ ውዱእ ሲያደርግም ሰው እንዳያየው ጥግ የሚፈልግ ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የወፈረና መልኩ የተለወጠ ጥፍር ነው። «አያምም፣ አይገድልም» ተብሎ ለዓመታት ይተዋል። ለአንዳንዶች፣ በተለይም ለስኳር ሕመምተኞች፣ መዘዙ ግን ከእፍረት ያለፈ ነው።

ምንነቱና ምልክቶቹ

በሽታውን የሚያመጡት ፈንገስ የተባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። በብዛት የሚታወቀው ትራይኮፋይተን ሩብረም የተሰኘው ዓይነት ነው። ምግቡ ኬራቲን ማለትም ጥፍር፣ ፀጉርና የላይኛው ቆዳ የተሠሩበት ፕሮቲን ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በእግር ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ይዞ ሲያሳክክና ሲልጥ ይቆይና ወደ ጥፍር ይሻገራል።

በጥፍሩ ጫፍ ወይም ጎን ነጭ ወይም ቢጫ ምልክት በማሳየት ይጀምራል። ቀስ በቀስ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይፈረፈራል፣ ከሥጋው ይላቀቃል። ሒና ወይም እንሶስላ የምትሞቁ እህቶች፣ ቀለሙ ጅማሬውን ሊሸፍንባችሁ ስለሚችል ሲለቅ ጥፍራችሁን አስተውሉ።

ውዱእ ያመጣዋልን?

አያመጣውም። ፈንገስ የሚወደው ሙቀትና እርጥበት ነው። ችግሩ እግርን መታጠቡ ሳይሆን፣ ሳያደርቁ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማጥለቁ ነው። በውዱእ ቦታ ብዙ ሰው የሚጫማቸው ነጠላ ጫማዎች፣ እርጥብ ወለል፣ የጋራ ፎጣና የጋራ ጥፍር መቁረጫም ያስተላልፉታል። እንዲያውም እግሩን በቀን አምስት ጊዜ የሚያጥብ ሰው፣ ለውጡን ቀድሞ የማየት ዕድል አለው። በጣቶች መካከል ውኃ ማዳረስ (ተኽሊል) ሱና ነው፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ በደንብ ማድረቅን እንልመድ።

ምርመራው

የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ጠባብ ጫማ፣ አደጋ ወይም ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታም ተመሳሳይ መልክ ያመጣል። ስለዚህ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከጥፍሩ ተፍቆ በላቦራቶሪ ቢታይ ይመረጣል። በአንድ ጥፍር ላይ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ ደግሞ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ «ፈንገስ ነው» ብሎ መተው አይገባም። እንደ አዲስ አበባው አለርትና እንደ ወሎው ቦሩ ሜዳ ባሉ ሆስፒታሎች የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

ሕክምናው

ተራ ቅባት ወፍራም ጥፍርን ዘልቆ ስለማይገባ ብቻውን እምብዛም አያድንም። በስፋት የሚታዘዘው ተርቢናፊን የተባለ ክኒን ነው። ለአዋቂ 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእግር ጥፍር ለ12 ሳምንታት ይወሰዳል። በቀን አንዴ ስለሆነ በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር መዋጥ ይቻላል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የጉበት ሕመምተኞችና ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ እንደ አሞሮልፊን ያለ ጥፍር ላይ የሚቀባ መድኃኒት ለብዙ ወራት ይታዘዛል። ይህ በጥፍር ላይ ሽፋን ስለሚሠራ፣ የውዱእን ጉዳይ በተመለከተ ዑለማዎችን ጠይቁ፤ ለሐኪሙም ንገሩት።

የእግር ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ክኒኑ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና ያላማረ ቢሆን ተስፋ አትቁረጡ፤ ከሥሩ ጤነኛ ጥፍር እየወጣ መሆኑን ተመልከቱ። በሽታው ሊመለስ ስለሚችል ግን ጥንቃቄው አይቋረጥ። በረኪና መቀባትና በምላጭ መፋቅ ቁስል እንጂ ፈውስ አያመጡም።

የስኳር ሕመምተኞች

ስኳር የእግርን ስሜትና የደም ዝውውርን ያዳክማል። የወፈረ ጥፍር ጎረቤቱን ጣት ሲወጋና ሲያቆስል ሰውየው ላይሰማው ይችላል። ቁስሉ ካመረቀዘ እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በዕድሜ ምክንያት ጎንበስ ብለው እግራቸውን ማየት ካቃታቸው፣ ልጆች በየቀኑ እንይላቸው።

ለመከላከል

1. ከውዱእ በኋላ በጣቶች መካከል በራስ ፎጣ ማድረቅ፤
2. ለውዱእ ቦታ የራስን ነጠላ ጫማ መያዝ፤
3. ካልሲን በየቀኑ መቀየር፣ ጫማን ማናፈስ፤
4. ጥፍርን በራስ መቁረጫ አሳጥሮ መቁረጥ። ጥፍር መቁረጥ ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ሲሆን፣ ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆይ በሐዲስ ተወስኗል፤
5. በጣቶች መካከል የሚያሳክክ ነገር ሲጀምር፣ ጥፍር ሳይደርስ መታከም፤
6. የመስጂድ ኮሚቴዎች የውዱእ ቦታው ውኃ እንዳይቋጥር፣ የጋራ ነጠላ ጫማዎቹም ታጥበው ፀሐይ እንዲመቱ ቢያደርጉ ለጀማዓው ሁሉ ይጠቅማል።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።