የእንግሊዝኛ ጥያቄን በአግባቡ አንብቦ መመለስ፡ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች

በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በብሔራዊ ፈተና የሒሳብም ሆነ የባዮሎጂ ጥያቄ የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። በመሆኑም አንድ ተማሪ የትምህርቱን ይዘት በሚገባ እያወቀ፣ የጥያቄውን አነጋገር ባለመረዳቱ ብቻ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ይህን ጉዳት ለመቀነስ ከጥናት ባሻገር ጥያቄን በሥርዓት የማንበብ ልማድ ያስፈልጋል።

ቀዳሚው ጉዳይ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አሉታዊነት የሚታወቀው በማሠሪያ አንቀጹ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኖት» የሚለው ቃል በዓረፍተ ነገሩ መካከል ስለሚገባ በቀላሉ ይታለፋል። «ኤክሴፕት» የሚል ጥያቄም የሚፈልገው ከተዘረዘሩት መካከል የማይካተተውን ነው። በወረቀት የሚፈተን ተማሪ እነዚህን ቃላት ቢያሰምርባቸው፣ በበይነ መረብ የሚፈተን ደግሞ ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት ጥያቄውን ደግሞ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

በሒሳብ «አት ሊስት 5» ማለት «ከ5 የማያንስ»፣ «አት ሞስት 5» ማለት ደግሞ «ከ5 የማይበልጥ» ነው። «ሊስት» ለብቻው አነስተኛነትን ስለሚያመለክት፣ ቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ የመብለጥና የማነስ ምልክቱን ገልብጦ ሊጽፍ ይችላል።

በእንግሊዝኛ ትምህርት ፈተና፣ ምንባቡን ከማንበብ በፊት ጥያቄዎቹን በፍጥነት መቃኘት ምን እንደሚፈለግ ያሳውቃል። ያልታወቀ ቃል ሲያጋጥም ከመቆም ይልቅ ዙሪያውን መመልከት ይገባል፤ ለምሳሌ «ሀውኤቨር» የሚለው ቃል ቀጥሎ ተቃራኒ ሐሳብ እንደሚመጣ ይጠቁማል። በሰዋስው ጥያቄ እንደ «ዬስተርደይ» ያሉ የጊዜ አመልካቾች የግሱን ጊዜ ይወስናሉ። ባዶ ቦታ ያለው ንግግር ሲቀርብም ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን ምላሽ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ምርጫ ከዚያ ምላሽ ጋር መስማማት አለበትና።

የጊዜ አጠቃቀምም አስቀድሞ ሊታቀድ ይገባል። 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ከዚህ በላይ የሚወስደውን ጥያቄ አቆይቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይመረጣል። በመልስ ወረቀት ላይ ግን የታለፈው ጥያቄ ተራ ቁጥር ክፍት ሆኖ መቆየቱን ማረጋገጥ የግድ ነው፤ በአንድ ረድፍ መሳሳት ቀጣዮቹን መልሶች ሁሉ ከቦታቸው ያዛባልና። እርግጠኛ ባልሆኑበት ጥያቄም ስህተትነታቸው የታወቁትን ምርጫዎች በቅድሚያ ማስወገድ ይረዳል፤ ከአራት ምርጫ ሁለቱ ከወጡ ትክክለኛውን የማግኘት ዕድል ከሩብ ወደ ግማሽ ከፍ ይላል።

መምህራን በክፍል ውስጥ ተማሪው ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት የተጠየቀውን በራሱ አነጋገር እንዲገልጽ ቢያለማምዱት፣ ችግሩ የዕውቀት ይሁን የቋንቋ በቀላሉ ይለያል። እነዚህ ዘዴዎች ጥናትን አይተኩም፤ ተማሪው ለዓመታት የለፋበት ዕውቀት በመልስ ወረቀቱ ላይ በትክክል እንዲታይ ግን ያግዛሉ።